«አር ዩ ሬዲ?» ሲሏችሁ፦ የ«ሬዲ» አጠቃቀም ለሥራ ሰው

ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ ውለው የሚመጡ ናቸው። የሆቴል አስተናጋጆች አሉ። ልብስ ሰፊ አለ። እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራ አለች። ወደ ውጭ ለመሄድ ፕሮሰስ ጀምረው ቀጠሮ የሚጠብቁም አይጠፉም። «ሬዲ» የምትለዋን ቃል ሁሉም ከቤታቸው ይዘዋት ነው የሚመጡት። ትርጉሟን ስጠይቅ በአንድ አፍ «ዝግጁ!» ይላሉ። ልክ ናቸው። በሉ ዓረፍተ ነገር ሥሩባት ስል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ወይ ደግሞ የሚወጣው ዓረፍተ ነገር ሌላ ነገር የሚል ሆኖ ይገኛል።

እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋተኛዋ «ዝግጁ» ናት። እስቲ ራሳችሁን ታዘቡ። እናታችሁ ወጥ ሲበስል «ልጆች፣ ምሳ ዝግጁ ነው» ይላሉ? «ምሳ ደርሷል» ነው የሚሉት። ልብስ ሰፊው ደውሎ «ሱሪህ አልቋል፣ ና ውሰድ» ይላል። ጋራዡ «መኪናው ተሠርቷል» ይላል። ለሠርግ እየለባበስን ውጭ የቆመው ሰው ሲያጣድፈን «ጨርሻለሁ፣ መጣሁ» እንላለን። «ዝግጁ» በብዛት የምትሰማው ዜና ላይና ስብሰባ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ግን ለእነዚህ ሁሉ አንዷን «ሬዲ»ን ያሠራታል። እና «ዝግጁ» የሚለው ቃል አፉ ላይ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው፣ «ሬዲ» ማለት ያለበት ቦታ ሁሉ ያመልጠዋል።

ስለዚህ ተማሪዎቼን አንድ ጥያቄ አስለምዳቸዋለሁ፦ «አሁን ቀጥሎ ምን ሊሆን ነው?» ምግቡ ሊበላ ነው። ሱሪው ሊወሰድ ነው። ሰውየው ሊገባ ነው። ቀጣዩ ነገር አሁኑኑ መጀመር ከቻለ «ሬዲ» በሉ። ካልቻለ አትበሉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህች ጥያቄ የሚወጣ ነው።

እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል የጻፍኩት ጮክ ብላችሁ እንድታነቡት ነው። ታክሲ ውስጥ ካልሆናችሁ በስተቀር ድምፃችሁን አውጡ።

መጀመሪያ አፋችሁ ላይ ትግባ

ስትጻፍ አር፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ዋይ ናት። መሐል ያሉትን ኢ እና ኤ አይተው «ሪዲ» የሚሉ አሉ፤ ማንበብ የሚለው ቃል «ሪዲንግ» ስለሆነ። «ሬዲ» ናት። «ብሬድ» (ዳቦ) እና «ሄድ» (ራስ) ላይ ያሉት ፊደላትም እነዚሁ ናቸው፣ ድምፃቸውም አንድ ነው። «ዲ»ን አታጥብቋት፣ ላላ ትበል። አሜሪካኖች ደግሞ ከመጠን በላይ ያላሏትና «ዲ»ዋ ወደ እኛ «ሪ» ትጠጋለች፤ በፍጥነት ሲናገሩ «ሬሪ» ያሉ ይመስላል። እናንተ እንደዚያ ማለት የለባችሁም። ስትሰሙ ግን ሌላ ቃል እንዳይመስላችሁ።

«ደረሰ» እና «አለቀ» የሚያመጡት ጣጣ

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ፣ ምክንያቱም ሥራ ቦታ ላይ ሰው የሚያሳፍረው በብዛት ይሄ ነው።

እንግዳው «ኢዝ አወር ፉድ ሬዲ?» ብሎ ጠየቀ እንበል። ምግቡ ኩሽና ውስጥ ወጥቷል፣ ሳህን ላይ ነው። አስተናጋጁ በልቡ «አዎ፣ ደርሷል» አለና «የስ፣ ኢት ኢዝ አራይቭድ» ብሎ መለሰ። እንግዳው ጠረጴዛውን ያያል። ባዶ ነው። «አራይቭ» ማለት ከሌላ ቦታ መጥቶ መድረስ ነው፤ አውቶቡስ ነው የሚያደርሰው። የእኛ «ደረሰ» ሁለቱንም ይችላል፣ መንገደኛውም ይደርሳል ወጡም ይደርሳል። እንግሊዝኛው አይችልም። ትክክለኛው መልስ «የስ፣ ኢት ኢዝ ሬዲ። አይ ዊል ብሪንግ ኢት ናው» ነው። ደርሷል፣ አሁን አመጣዋለሁ።

ፍራፍሬ ላይ ደግሞ ሌላ ነው። ማንጎ ሲደርስ «ራይፕ» ይባላል። ጭማቂ ቤት የምትሠሩ «ዘ ማንጎ ኢዝ ራይፕ» በሉ። «ሬዲ ቱ ኢት» ብትሉም ያስኬዳል፣ ለመብላት ደርሷል ማለት ነው። «ሬዲ» ብቻዋን ስትሆን ግን እንግዳው ማንጎው ተልጦ የቀረበ ይመስለዋል።

«አለቀ» የባሰች ናት። በአማርኛ «ሱሪህ አልቋል» ሲሉን ደስ ይለናል። «ጥብስ አልቋል» ሲሉን እናዝናለን። ቃሉ አንድ፣ ዜናው ተቃራኒ። ቦታው ስለሚነግረን አንሳሳትም። እንግሊዝኛ ላይ ግን «ዘ ላምብ ኢዝ ፊኒሽድ» ካላችሁ እንግዳው የሚሰማው «የበግ ሥጋ የለም» የሚለውን ብቻ ነው፤ እናንተ «በስሎ ወጥቷል» ለማለት ፈልጋችሁ ቢሆንም። የተዘጋጀ ከሆነ «ሬዲ»፣ የሌለ ከሆነ «ፊኒሽድ»። በጨዋ ደንብ ለማለት ደግሞ «ሶሪ፣ ዊ ሃቭ ራን አውት ኦፍ ላምብ»።

ሰፊው ተማሪዬ ፈረንጅ ደንበኞች አሉት። ሱሪ ብዙ ቁጥር መሆኑን አውቋል፣ «ዩር ትራውዘርስ አር ሬዲ» ብሎ ይደውላል፤ «ኢዝ» አይልም። ቀሚስ ከሆነ «ዩር ድሬስ ኢዝ ሬዲ» ነው። ያስቸገረው ቀጠሮው ነበር። «እስከ ዓርብ ይደርሳል» ለማለት «ኢት ዊል ቢ ሬዲ አንቲል ፍራይደይ» ይል ነበር። «አንቲል» እስከ ነው ብሎ ተምሯልና አይፈረድበትም። ግን «አንቲል» አንድ ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ ሲቆይና ከዚያ ሲያቆም ነው የሚነገረው። ስለዚህ ደንበኛው የሰማው «ሱሪው እስከ ዓርብ ድረስ ዝግጁ ነው፣ ከዓርብ በኋላ ግን እንጃ» የሚል ነው። እዚህ የምትገባው ቃል «ባይ» ናት፦ «ኢት ዊል ቢ ሬዲ ባይ ፍራይደይ»። ከዓርብ አያልፍም።

የሰፊን ቀጠሮ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። «ነገ ና» ተብሎ ያልተመላለሰ ማን አለ? እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ዊል»ን ትታችሁ «ሹድ»ን ያዙ። «ኢት ሹድ ቢ ሬዲ ባይ ፍራይደይ» ማለት «እክል ካልገጠመኝ ለዓርብ ይደርሳል» እንደማለት ነው። ደንበኛው ዓርብ ጠዋት ደውሎ አረጋግጦ ይመጣል። «ዊል» ካላችሁ ግን ቃል ሰጥታችኋል።

ሰዓት ላይ ከመጣን አይቀር፦ «ሬዲ አት ስሪ» ብትሉ ፈረንጁ የሚመጣው በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እናንተ ያሰባችሁት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሆነ «ሬዲ አት ናይን» ማለት ነበረባችሁ። ስድስት መደመር ወይም መቀነስ ነው እንጂ ሌላ ጥበብ የለውም። አንዳንድ ደንበኛ «ኢትዮጵያን ታይም?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል፣ አትታመኑበት።

«ፎር» ወይስ «ቱ»?

አማርኛችን «ለ»ን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ለፈተናው፣ ለመጀመር። ስለዚህ «ሬዲ»ን ተከትሎ ማን እንደሚመጣ ይምታታል። ሕጉ ቀላል ነው። የሚከተለው ስም ከሆነ «ፎር»፣ ግሥ ከሆነ «ቱ»።

«አይ አም ሬዲ ፎር ዘ ኢንተርቪው።» ለቃለ መጠይቁ።
«አይ አም ሬዲ ቱ ስታርት።» ለመጀመር።

«ሬዲ ቱ ዘ ኤግዛም» ስህተት ነው። «ሬዲ ፎር ስታርት»ም እንደዚያው።

«ፎር» ግን አንድ ሌላ ሥራም አላት። ክሊኒክ ወይም ቢሮ ቁጭ ብላችሁ ስትጠብቁ ጸሐፊዋ ወጥታ «ዘ ዶክተር ኢዝ ሬዲ ፎር ዩ» ትላለች። ዶክተሩ ለእናንተ ተዘጋጅቷል ብላችሁ አትደንግጡ። «ይግቡ» ማለት ነው። ተነሱና ግቡ።

እንግዳ መቀበያ ላይ ያላችሁ ደግሞ ይቺን ያዙ። እንግዳው ሌሊቱን ሲበር አድሮ ጠዋት ይደርሳል። ክፍሉ ገና እየጸዳ ነው። «ዩር ሩም ኢዝ ኖት ሬዲ» ብላችሁ ብቻ ዝም አትበሉ። ሰዋስዉ ትክክል ነው፣ አቀባበሉ ግን በር መዝጋት ነው። መጨረሻው ላይ «ዬት» ጨምሩ፣ ከዚያ ጊዜ ስጡት፦ «ዩር ሩም ኢዝ ኖት ሬዲ ዬት። ኢት ዊል ቢ ሬዲ ኢን ትዌንቲ ሚኒትስ።» «ዬት» ማለት «ገና» ነው፤ ይደርሳል የሚል ተስፋ አለው። «ኢን ትዌንቲ ሚኒትስ» ደግሞ «ከ20 ደቂቃ በኋላ» ነው። «በኋላ»ን አይተን «አፍተር ትዌንቲ ሚኒትስ» ማለት ይቀናናል። ሰው ይረዳችኋል፣ ግን «ኢን» ናት ትክክለኛዋ። እስከዚያ ቡና ጋብዙት።

ሆንኩ እና እየሆንኩ ነው

«አይ አም ሬዲ» ካላችሁ ጫማችሁ ታስሯል፣ ቁልፉ እጃችሁ ላይ ነው። «አይ አም ጌቲንግ ሬዲ» ካላችሁ ገና እየለበሳችሁ ወይም እየተኳኳላችሁ ነው። «ጌቲንግ ሬዲ» ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ መለባበስና መሰናዳትን ነው የሚያመለክተው፣ ትልቅ ዝግጅት አይምሰላችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ አልጋ ላይ ሆኖ «መንገድ ላይ ነኝ» ማለት የተለመደ ነው። ይሄ ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር «አይ አም ሬዲ» ይሆናል። ፈረንጁ አምኖ በር ላይ ይቆማል። «ኦልሞስት ሬዲ» የሚል መውጫ አላችሁ እኮ። ልጨርስ ነው፣ ጥቂት ቀርቶኛል። «ኖት ኳይት ሬዲ» ደግሞ ይበልጥ ጨዋ ናት፤ ገና ነኝ ግን አትሂድ።

«ቬሪ ሬዲ» አትበሉ። ጀሮ ላይ አይጥምም። ማጋነን ከፈለጋችሁ «ኮምፕሊትሊ ሬዲ» ወይም «ፉሊ ሬዲ» አለላችሁ። ወጣቶቹ «ሶ ሬዲ» ይላሉ፣ «አይ አም ሶ ሬዲ ፎር ዘ ዊክኤንድ»። እሱ ዝግጅት አይደለም፣ «ቅዳሜና እሑድ በናፈቀኝ» ማለት ነው።

ሌላው የምወደው አባባል «ሬዲ ዌን ዩ አር» ነው። እኔ ጨርሻለሁ፣ እናንተን ነው የምጠብቀው፣ አትቸኩሉ። የቪዲዮ ኢንተርቪው ላይ ጠያቂው «ሻል ዊ ስታርት?» ሲላችሁ ይቺን ብትመልሱ ቀለል ያለ ሰው ትመስላላችሁ። ኤምባሲ መስኮት ላይ ግን «የስ፣ አይ አም ሬዲ» ይበቃል። እዚያ ማሳመር አያስፈልግም።

ምግብ ቤት የምትሠሩ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙና ቀኑን ሙሉ ተንቀሳቀሱባቸው፦ «አር ዩ ሬዲ ቱ ኦርደር?» (ልታዘዝ?)፣ «ዉድ ዩ ላይክ ኤ ፊው ሞር ሚኒትስ?» (ትንሽ ልቆይላችሁ?)፣ «ዩር ቴብል ኢዝ ሬዲ» (ጠረጴዛችሁ ተዘጋጅቷል፣ ተከተሉኝ)። አሜሪካ የምትሄዱ ደግሞ አራተኛ ትጨመርላችኋለች። ዋሽንግተን ዲሲ ምግብ ቤት ቁጭ ብላችሁ አስተናጋጇ መጥታ «አር ዩ ኦል ሴት?» ትላለች። «ሴት» እዚህ የ«ሬዲ» እህት ናት። የምትጠይቀው «ሌላ የምትፈልጉት አለ ወይስ በቃችሁ?» ነው። «የስ፣ ቴንክ ዩ» ካላችሁ በቃኝ ማለት ነው፣ ሂሳብ ይመጣል። ገና የምትጨምሩት ካለ «ኖት ዬት» በሉ።

«ፕሪፔርድ» ጋር አታምታቱ

መዝገበ ቃላት ሁለቱንም «ዝግጁ» ይላቸዋል። «ፕሪፔርድ» ያለፈውን ሥራ ያያል፤ አጥንቻለሁ፣ አሟልቻለሁ፣ ስንቅ ቋጥሬአለሁ። «ሬዲ» አሁንን ያያል፤ እንጀምር። ፈተና አዳራሽ በር ላይ የቆመ ልጅ ክረምቱን በሙሉ አጥንቶ «ፕሪፔርድ» ሊሆን ይችላል፤ እስክሪብቶው ቤት ከቀረ ግን «ሬዲ» አይደለም። የስካውት መፈክር «ቢ ፕሪፔርድ» የሆነው ለዚህ ነው፤ አደጋው መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ አስቀድሞ መሰልጠንን ነው የሚለው። መሥራቹ ቤደን ፓወል ነው፣ የመፈክሩ ሁለት ፊደላት ቢ እና ፒ የስሙም መነሻ ናቸው። ሰውየው ራሱን አልረሳም።

ገንዘብ ላይ ልዩነቱ ዋጋ ያስከፍላል። የቤት ኪራይ ወይም የዕቃ ዋጋ ስትደራደሩ ሰውየው «አይ አም ኖት ፕሪፔርድ ቱ ፔይ ዛት» ካላችሁ አልተዘጋጀሁም፣ ጊዜ ስጠኝ እያለ አይደለም። በጨዋ ቋንቋ «አልከፍልም!» እያለ ነው። «ፕሪፔርድ ቱ» እንዲህ ሲመጣ ፈቃደኝነት ነው። «አይ አም ኖት ሬዲ ቱ ፔይ ዬት» ካለ ግን ጊዜ ነው የፈለገው፣ ነገ ደውሉለት። ሁለቱን ለይቶ የሚሰማ ደላላ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ዝግጅት የሌለበት «ሬዲ»

አንድ ማታ «ሺ ዋዝ ሬዲ ቱ ክራይ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንዷ ተማሪዬ «ለማልቀስ ተዘጋጅታ ነበር» ብላ ተረጎመችው። ሁላችንም ሳቅን፣ ሶፍት ገዝታ ቁጭ ያለች ሴት ነው የታየን። ትክክለኛው «ልታለቅስ ደርሳ ነበር» ነው፤ እንባዋ ሊመጣ ነበር። እዚህ «ሬዲ ቱ» የእኛን «ሊ... ነው» ወይም «ሊ... ደርሶ ነበር» ትተካለች። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ አስተናጋጅ «አይ አም ሬዲ ቱ ድሮፕ» ይላል። ድካም ሊጥለኝ ነው። ለመውደቅ የተዘጋጀ ማንም የለም።

ሌላዋ መልክ ፈቃደኝነት ናት። «ሂ ኢዝ ኦልዌይስ ሬዲ ቱ ሄልፕ» ማለት ሰው ለመርዳት ወደኋላ የማይል ነው። ምስጋና ናት። «ከመጠን በላይ» የምትለዋን ሌላዋን «ቱ» ከፊቷ ብታስገቡ፣ ማለትም «ሂ ኢዝ ቱ ሬዲ ቱ ብሌም አዘርስ» ብትሉ፣ ወቀሳ ሆነች። ሳያጣራ ሌላውን ለመክሰስ ይቸኩላል። ሥራ ቦታ ስለ አለቃችሁ ስትናገሩ ጥንቃቄ አይከፋም።

ከስም በፊት ስትቀመጥ

እስካሁን «ሬዲ» ከኋላ ነበረች፦ ምግቡ ሬዲ ነው፣ ክፍሉ ሬዲ ነው። ከስም ፊት ስትሄድ ጸባይዋ ይለወጣል። ያኔ «በቀላሉ የሚገኝ» ወይም «ከእጅ የማይርቅ» ትሆናለች።

«ሬዲ ካሽ» በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ቼክ አይደለም፣ የባንክ ዝውውር አይደለም። «ኤ ሬዲ አንሰር» ያላት ሴት መልስ የማታጣ ናት። «ኤ ሬዲ ማርኬት» ያለው ዕቃ ገዢ አያጣም፤ ለበዓል ዋዜማ ዶሮ እንደዚያ ነው። «ሬዲ ሚል» ደግሞ እንግሊዞች ሱፐርማርኬት ታሽጎ የሚሸጠውን፣ ማሞቅ ብቻ የሚፈልገውን ምግብ የሚጠሩበት ነው። ስለዚህ እናንተ «ትኩስ፣ አሁን የወጣ ምግብ አለን» ለማለት «ዊ ሃቭ ሬዲ ሚልስ» ብትሉ ሼፉ ይቀየማል። ለእንግዳው የታሸገ ምግብ እናሞቃለን እያላችሁ ነው።

ሰፊው ተማሪዬ «ሬዲሜድ»ን አይወዳትም፣ እንጀራው ላይ የመጣች ቃል ናት። ተሰፍቶ ያለቀ፣ ከመደርደሪያ ወስደህ የምትለብሰው ልብስ። ይቺን አማርኛ ራሱ ስለወሰዳት ማስተማር አያስፈልገኝም። የኮንስትራክሽን ሰዎችም «ሬዲሚክስ» አላቸው፤ ጀርባው የሚሽከረከር መኪና ተቦክቶ ያለቀ ኮንክሪት ይዞ ሳይት ይመጣል። ለረጅም ጊዜ የተለመደው ደንብ ውኃ ከገባበት በኋላ በ90 ደቂቃ ውስጥ ይፍሰስ የሚል ነው። የአዲስ አበባን የትራፊክ መጨናነቅ ለሚያውቅ ሰው 90 ደቂቃ አጭር ናት፣ «ሬዲ» ሆኖ የተነሳው መንገድ ላይ እንዳይደርቅ ሾፌሩም ፎርማኑም ስልክ ላይ ናቸው።

ዕቃ ስትገዙ ጅራቷን እዩ

ቃሏ መጨረሻ ላይ ተለጥፋ ስትመጣ ደግሞ ሻጭ ይጠቀምባታል። ቴሌቪዥን ላይ «ኤችዲ ሬዲ» የሚል ምልክት አይታችሁ ይሆናል። አውሮፓ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ነው። ስክሪኑ ቢያንስ 720 መስመር አለው፣ የኤችዲ ምስል ሲገባለት ይቀበላል ማለት ነው። «ፉል ኤችዲ» ግን 1080 ነው። አሮጌ ቲቪ ስትገዙ ሻጩ «ኤችዲ ነው» ብሎ ጣቱን «ኤችዲ ሬዲ» ላይ ቢያሳርፍ፣ ፉል ኤችዲ አይደለም፣ ዋጋውን አስቀንሱ።

እንዲህ የተለጠፈች «ሬዲ» ሁሉ «መቀበል ይችላል» ነው የምትለው፣ «አብሮት አለ» አትልም። ስልኩ «ፋይቭ ጂ ሬዲ» ከሆነ ኔትወርኩ ባለበት ቦታ ይይዛል፣ በሌለበት አይፈጥረውም። ጣሪያው «ሶላር ሬዲ» ነው የተባለ ቤት ሶላሩ ላይኖረው ይችላል። ጥያቄያችንን አትርሱ፤ ቀጣዩን ነገር ይዛችሁ የምትመጡት እናንተ ናችሁ።

«ኦልሬዲ» ሌላ ሰው ናት

ስትሰማ አንድ ትመስላለች፣ ስትጻፍ ሁለት ናት። ተያይዛ የምትጻፈው «ኦልሬዲ» ከዝግጅት ጋር ምንም የላትም። «ከአሁን በፊት አድርጌዋለሁ» ናት። «አይ ሃቭ ኦልሬዲ ኢተን» ማለት «በልቻለሁ» ነው፣ ሰው ቤት ሄዳችሁ እንጀራ ሲቀርብላችሁ ለማምለጥ ትጠቅማለች፤ እንደማይሰሟችሁ ግን እናንተም ታውቃላችሁ። ተለያይታ የምትጻፈው «ኦል ሬዲ» ደግሞ «ሁላችንም ዝግጁ» ናት፦ «ዊ አር ኦል ሬዲ»። ስትጽፉ መለየት ካቃታችሁ «ኦል»ን አውጡና አንብቡት። «ዊ አር ሬዲ» ስሜት ይሰጣል፣ ስለዚህ ለያዩት። «አይ ሃቭ ሬዲ ኢተን» ስሜት አይሰጥም፣ ስለዚህ አያይዙት።

ተቃራኒዋ «አንሬዲ» አለች፣ ማንም አይናገራትም። «ኖት ሬዲ» በሉ። «አንሬዲ» የሚታወቀው በአንድ የእንግሊዝ ንጉሥ ቅጽል ስም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ978 የነገሠው ኤተልሬድ። ያልተዘጋጀው ንጉሥ ይመስላል፣ ግን አይደለም። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ምክር የጎደለው» የሚል ቃል ነበር፤ ኋላ ቃሉ ሲረሳ በሚመስለው ተተካ። ስሙ ራሱ «ክቡር ምክር» ማለት ስለሆነ ቅጽሉ ለበጣ ነበረበት። ጎንደሬም ሸዌም እንዲህ ያለውን ቅኔ የሚንቅ አይመስለኝም።

የሩጫ ነገር ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። የእንግሊዝ ሕፃናት ሲወዳደሩ «ሬዲ፣ ስቴዲ፣ ጎ!» ይላሉ፣ የአሜሪካ ሕፃናት «ሬዲ፣ ሴት፣ ጎ!»። እውነተኛው አትሌቲክስ ላይ ግን «ሬዲ» የምትባል የለችም። አስጀማሪው «ኦን ዩር ማርክስ» ይላል። እስከ 400 ሜትር ባለው ውድድር «ሴት» ይከተላል፣ ከዚያ ሽጉጡ። ከ400 ሜትር በላይ «ሴት»ም የለም። የእኛ ልጆች 5,000 እና 10,000 ላይ መስመሩን ተጠግተው ቀጥታ ጥይቱን ነው የሚጠብቁት። በሚቀጥለው ሻምፒዮና ቲቪውን ድምፅ ጨምራችሁ አዳምጡ።

የቤት ሥራ

ለተማሪዎቼ የምሰጣቸውን እነሆ። መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ መልሱን እዩ።

«ቡናው ደርሷል፣ ግቡ።» «ዘ ኮፊ ኢዝ ሬዲ፣ ካም ኢን።» ይሄ ቀላል ነው።

«መኪናዎ እስከ ማክሰኞ ይሠራል።» «ዩር ካር ዊል ቢ ሬዲ ባይ ቱስደይ።» «አንቲል» ያላችሁ ወደ ላይ ተመለሱ።

«ክፍያውን ጨርሻለሁ።» «አይ አም ሬዲ» ብላችሁ የጻፋችሁ አላችሁ አይደል? ይሄ ከፍያለሁ ነው፤ «አይ ሃቭ ኦልሬዲ ፔይድ።»

«በድካም ልወድቅ ነበር።» «አይ ዋዝ ሬዲ ቱ ድሮፕ።»

«ሊዘንብ ነው።» እዚህ ላይ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። «ሊ... ነው» «ሬዲ ቱ» ነው ብለሻል እኮ ይሉኛል። ብያለሁ። ግን በዚያ መንገድ የምትመጣው ብዙውን ጊዜ ስለ ሰው ስንናገር ነው፤ ሊያለቅስ የደረሰ፣ ሊወድቅ የደረሰ ሰው። ስለ አየሩ ስትናገሩ «ኢት ኢዝ ጎይንግ ቱ ሬይን» በሉና ጃንጥላችሁን ያዙ።